«እማ» ብላ የጠራቻት ቀን

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ ሐመልማል «አልጽፍም» ስላለች ነው። «እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ተይው» ትለኛለች። እኔ ግን ሰው ተበድሎ ነገሩ ሳይነገር ሲቀር አንጀቴ አይችልም። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ጥቂት ገፋሁና ኑሮ ሲከብደኝ ተውኩት። አጻጻፌ ጎርበጥ ቢል ታገሡኝ። ከቤቴ ውጭ ያሉትን ሰዎች ስም፣ የአንዷንም መልክ ቀይሬአለሁ፤ ከዚያ በቀር ምንም አልለወጥኩም።

የምንኖረው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ሠፈሩ «ዳኛዋ» ይለኛል፤ ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ። ውኃ ጠፍቶ ቦቴ ሲመጣ፣ ጄሪካኑን ከኋላ አምጥቶ ፊት የሚደቅን ሰው ካየሁ ዝም አልልም። አንድ ጊዜ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበሩን ጄሪካን በእግሬ ገፍቼ ወደ ኋላ መለስኩበት። «እናት፣ እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ!» ሲለኝ «አንተ ነህ እንጂ ጄሪካኑ ሊቀመንበር አይደለም» አልኩት። እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ልጄ ስንዱ ሁለት ሴቶች ትታልኝ ነው የሞተችው። ትልቋ ሐመልማል ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ትንሿን ሶልያናን ስትወልድ ስንዱ ደም ፈሰሳት፤ ከሆስፒታል ሕፃኗ እንጂ እናቷ አልተመለሰችም። አባትየው ልቅሶው ሳይወጣ ሌላ ትዳር ያዘ። እኔ ጉልበቴ ታሞ ደረጃውን ቀን ቀን እንኳ በቁሜ አልወጣውም ነበር። እናም ሕፃኗ ሐመልማል እጅ ላይ ወደቀች። ጡጦ የቀቀለች፣ ክትባት ያመላለሰች፣ ጥርስ ሲያበቅላት አብራት ያለቀሰች እሷ ናት።

ሶልያና አፏን ስትፈታ «እማ» አለች፤ ያለችው ሐመልማልን ነው። ሁላችንም ደነገጥን። ሐመልማል ፊቷን አዙራ አለቀሰች፣ ከዚያ አነሣቻትና ሳመቻት። ማናችንም አላረምናትም። ደግሞስ በእኛ ቤት ማን በትክክለኛው ተጠርቶ ያውቃል? እኔን የገዛ ልጄ እንኳ «እትዬ» ነበር የምትለኝ፤ ታናናሾቼ ሲሉ ሰምታ። በዚህ አገር አያቱን «እማዬ»፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ያደገ ሰው ቢሰበሰብ ስታዲየም ይሞላል። እኛም «አንደኛ ክፍል ስትገባ ቁጭ አድርገን እንነግራታለን» ብለን ተስማማን።

ሐመልማል ጎፋ አንድ ቡቲክ ውስጥ ጫማ ትሸጣለች። ቆንጆ ናት፤ አያቷ ስለሆንኩ አይደለም። ደንበኞች «ለምን አትወዳደሪም?» ሲሏት ከርመው አንድ ቀን ተመዝግባ መጣች።

የቁንጅና ውድድር ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። በጃንሆይ ጊዜ ልጅ ሳለሁ ተመርጠው ዘውድ የደፉ ሴቶችን ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ፤ ጋዜጣው ስኳር ተጠቅልሎበት ቤታችን የመጣ ነበር። አክስቴ «እግራቸውን አሳይተው!» ብላ ስኳሩን ገልብጣ ጋዜጣውን ቀደደችው። ደርግ ሲመጣ ወሬው ጠፋ። እኛ ፋብሪካ የሚመረጠው ኮከብ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለካድሬው ፈገግ የምትል አታጣውም። ከዚያ መንግሥት ሲለወጥ ውድድሩ ተመለሰ። አንዱ አዘጋጅ ይጀምረዋል፣ ይተወዋል፤ ሌላው ስም ቀይሮ ያነሣዋል፤ ሁሉም ግን «አገር አቀፍ» ይላሉ። ያልተለወጠው አንድ ቃል ነው። «ወይዘሪት» ይባላል። ያላገባች፣ ያልወለደች ማለት ነው ይላሉ። ሐመልማል አላገባችም፤ አልወለደችም። ችግር አለ ብዬ በምን ልገምት?

ኮሪደራችን ላይ በረጅም ታኮ ስትለማመድ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን «ሐሙ፣ ዘውዱን ስትደፊ ጣሪያዬን ታሳድሺልኛለሽ!» እያለች ትስቅ ነበር። ሶልያናም የእኔን ጫማ አጥልቃ ከኋላዋ ትንገዳገዳለች። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቅሶው የወጣ መሰለኝ።

ለመጨረሻው ዙር የሚያልፉት የሚለዩት እሑድ ቀን፣ ለቡ መብራት ኃይል ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። ሶልያናን ሁልጊዜ የምትይዝልን ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ይዘናት ሄድን። ነጭ ካልሲ አድርጋለች፤ ጸጉሯን ሐመልማል ራሷ ሠርታላታለች። ባጃጁ ውስጥ «እማ፣ ዘውዱን እኔንም ታስለኪኛለሽ?» ስትል ሾፌሩ ሳቀ።

ቤተሰብ ከመድረኩ ጀርባ ጥቂት እንዲቆም ተፈቅዶ ነበር። ልጃገረዶቹ ተሰልፈው ያስተባባሪዋን ትእዛዝ ይሰማሉ። አስተባባሪዋ ትርሲት ትባላለች፤ አርባውን ያለፈች፣ ፈጣን፣ ድምጿ የሚቆርጥ ሴት ናት። «ሆድ ግቡ! አገጭ ቀና! ፈገግታ!» ትላለች። ሁሉም ጸጥ ባሉበት ሰዓት ሶልያና እጄን አምልጣ ሮጠችና የሐመልማልን ቀሚስ ያዘች።

«እማ! ሽንቴ መጣ!»

ልጃገረዶቹ ፈረሱ በሳቅ። ሐመልማልም ሳቀች። ትርሲት ግን አልሳቀችም።

«ሐመልማል፣ አንዴ ቢሮ ነይ።»

«ሽንት ቤት ላድርሳትና…»

«አሁን።»

ሶልያናን እኔ ልውሰድሽ ብላት «ከእማ ጋር ነው የምሄደው» ብላ እግሯን ቆልፋ ቆመች። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ፣ ራሄል ልበላት፣ ከሰልፉ ወጣችና «እማማ፣ ይግቡ፤ እኔ እይዛታለሁ» አለችኝ። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ወገቧ ላይ ሰካቻት፤ አፍንጫዋን በራሷ እጅ ጠረገችላት። እኔ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ውስጥ ትርሲትና ዳይሬክተሩ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ገና ወጣት ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ስልኩን ያገላብጣል።

«እህትሽ ናት ወይ "እማ" ብላ የምትጠራሽ?» ትላለች ትርሲት።

«አዎ፣ እህቴ ናት።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ አያታቸው ነኝ» አልኩ። «የወለደቻቸው ልጄ ሞታለች። ትንሿን ያሳደገቻት ይቺ ናት፤ ስለዚህ እማ አለቻት። ሌላ ነገር የለውም።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ሁሉም ነው የሚለው። ባለፈውም አንዷ "የአክስቴ ልጅ ነው" ብላ ጉድ ሠርታናለች።»

«አንቺ እናትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«ይኼ ምን አገናኘው?»

«ንገሪኝ እንጂ!»

ትርሲት ወደ ዳይሬክተሩ አየት አደረገች። «እታባ።»

«አያትሽንስ?»

ቀስ ብላ «እማዬ» አለች።

«እንግዲያው የወለደችሽ አያትሽ ናታ!»

ዳይሬክተሩ ስልኩን አስቀመጠ። «ማዘር፣ እባክዎ ይረጋጉ።»

«ምን አልከኝ?»

«ማዘር…»

«እኔ አንተን መቼ ወለድኩህ? ዛሬ ገና ያየሃትን ሴት ማዘር ካልክ፣ አዝላ ያሳደገቻትን እማ ያለች ሕፃን ምን አጠፋች?»

ፈገግ አለ። ግን ውሳኔውን የጨረሰ ሰው ፈገግታ ነበር። «እኔ ይገባኛል። ሕዝቡ ነው የማይገባው። ውድድሩ ወይዘሪት ነው የሚባለው። ነገ አንዱ ቲክቶክ ላይ "ወይዘሪቷ ልጅ አላት" ብሎ ቢለቅ ስፖንሰር ይሸሻል።»

«ወይዘሪት ማለት ያላገባች ማለት ነው። እህቷን የማታሳድግ ማለት መቼ ሆነ?»

«እንግዲህ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመርና ያልወለደች መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ታምጣ።»

«እሷ ብቻ? ለምን ሁሉንም አታስመረምርም?»

«ሌሎቹን እማ ብሎ የጠራ የለም፣ ማዘር።»

«ደግሞም ዛሬ እሑድ ነው፤ አይደርስላትም» አለች ትርሲት። «ልጅቷን እንጠይቃት። ሕፃን አይዋሽም።»

እስከዚያ ድረስ ሐመልማል መሬት መሬት ታይ ነበር። አሁን ቀና አለች።

«አታውቅም» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ እናቷ እንዳልሆንኩ አታውቅም።»

ይህን ሲሰሙ ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን «ታዲያ እኛ ፊት ንገሪያት» አለ። «ስትሰማ እናያለን። ያን ጊዜ እናምንሻለን።»

«ተነሺ» አልኳት። «እንሂድ። ዘውዳቸውን ራሳቸው ይድፉት።»

አልተነሣችም።

«እትዬ፣ ልንነግራት አልነበር ወይ?»

«ቤታችን! እንደዚህ ሰው ሰብስበን አይደለም!»

«ቤት ብነግራት የማያማት ይመስልሻል? ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እኔ ጡጦ እቀቅል ነበር። አንድ ቀን ከፍቶኝ ነግሬሽ አውቃለሁ? አንድ ነገር ለራሴ ፈለግኩ፣ እትዬ። አንድ ነገር።»

እኔ ለሠፈሩ ሁሉ የምፈርደው ሴት፣ ያን ጊዜ ለማን እንደምፈርድ ጠፋኝ። እሷም እውነት አላት። ውጭ ሽንቷን ይዛ የምትጠብቀዋም እውነት አላት። እውነት ያልነበራቸው ሁለቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው፤ የሚያዝዙት ግን እነሱ ነበሩ።

ሐመልማል ራሷ በሩን ከፈተች። ራሄል ሶልያናን አስገብታ ወጣች። ሐመልማል በዚያ በሚያብረቀርቅ ቀሚሷ ተንበረከከች።

«ሶሊዬ።»

«እማ፣ ይዤዋለሁ እኮ። አላመለጠኝም።»

«ጎበዝ። አንድ ነገር ልንገርሽና እወስድሻለሁ። ሳሎን ግድግዳው ላይ ፎቶዋ ያለው ማን ናት?»

«ስንዱ። የእትዬ ልጅ።»

«አዎ። አንቺን የወለደችሽ እሷ ናት። እኔንም የወለደችኝ እሷ ናት። እሷ ናት እናትሽ። ሞታለች። እኔ እህትሽ ነኝ።»

ሶልያና ሳቀች። ጨዋታ መስሏታል። «አይደለሽም!»

«ነኝ፣ ሶሊዬ።»

«አንቺ እማ ነሽ!»

ሐመልማል ቀና ብላ ወደ ሁለቱ አየች፤ «ይብቃችሁ» የሚል ዐይን ነበር። ዳይሬክተሩ በአገጩ «ጨርሺ» አላት።

«እማ አይደለሁም» አለች። «ሐሙ ነኝ።»

የልጅቷ ሳቅ መሐል ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞረች። ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ «ትቀልዳለች» እንድላት። መዋሸት አልቻልኩም። «አትቀልድም» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ ሴራሚኩ ላይ ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። ነጩ ካልሲ እስከ ጫማው ራሰ። ትርሲት እግሯን ሰበሰበች።

ሐመልማል ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ትርሲት «ቀሚሱ! ቀሚሱ ይበላሻል!» ብላ ጮኸች። ሐመልማል እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷም የሐመልማልን እጅ አየችና ወደ እሷ አልሄደችም። ወደ እኔ መጣች።

«በቃ፣ ገብቶናል» አለ ዳይሬክተሩ ስልኩን እያነሣ። «ሐመልማል፣ ተዘጋጂ። ልንጀምር ነው።»

ሽንት ቤት ወስጄ አጠብኳት፤ ነጠላዬን ወገቧ ላይ ጠቀለልኩላት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድኩ። አዳራሹ ገብተን ተቀመጥን። ከጎኔ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ታቅፋለች። ራሄል መድረክ ላይ ብቅ ስትል ልጅቷ ተፈናጥራ ቆመች።

«ራሂ! ራሂዬ!»

በዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። «ስታምር!» አለ አንዱ። ትርሲት ከመድረኩ ጥግ ሆና በእጇ ሳም አድርጋ ላከችላት። ማንም ቢሮ አልተጠራም። በስሟ ነዋ የጠራቻት!

ልጅቷን አየኋት። ግንባሯ የራሄል ነው፤ ፍንጭቷ የራሄል ነው።

«የማን ናት?» አልኳት ሴትዮዋን።

«የኔ ናት» አለች በፍጥነት። «የመጨረሻዬ ናት።» ልጅቷን ደረቷ ላይ ደፋቻትና አጥብቃ ያዘቻት። እጇ ላይ ያለው ደም ሥር ተገታትሯል።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ልቤን ልንገራችሁ። ተነሥቼ «ይቺስ? ይቺንስ ለምን አትጠይቋትም?» ብዬ አዳራሹን ብሰነጥቀው ማን ያቆመኛል? የእኔን ልጅ በሕፃን አፍ መርምረው የሌላይቱን በጭብጨባ አሳለፉ። ጄሪካን በእግሬ የምገፋ ሴት ነኝ እኮ። ግማሽ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ራሄል መድረኩ ላይ ዞረችና ልጅቷ ወዳለችበት አየች፤ ፈገግታዋ ሳይለወጥ ዐይኗ ብቻ ፈራ። ሶልያናን ወገቧ ላይ እንዴት እንደሰካቻት ትዝ አለኝ። ወረፋውን ያበላሸችው እሷ አይደለችም። በሩ ላይ ቆመው «ወልደሻል ወይ?» የሚሉት ናቸው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እግዜር ያሳድግላት» አልኳት ሴትዮዋን። «ያሳድግልሽ» አላልኩም።

ሴትዮዋ ሰማችኝ። ፊቷን ወደ መድረኩ እንዳደረገች «አሜን» አለች፤ ድምጿ አልወጣም፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት። እጄን ፈልጋ ጭብጥ አደረገችው።

ቀጥሎ ሐመልማል ወጣች። አረማመዷ እንከን አልነበረውም፤ ይህንን ማንም አይክድም። ማይክራፎኑ ጋ ስትደርስ ከዳኞቹ አንዱ «እስቲ ስለ ቤተሰብሽ ንገሪን» አላት። ቀላል ጥያቄ ነው። ቤት መስተዋት ፊት ደጋግማ የተለማመደችው ነው።

«የምኖረው ከአያቴ ጋር ነው» አለች። «ከአያቴና ከ…»

ቆመች። ዳኛው «እሺ?» አላት። ሐመልማል ወደ እኛ አየች። ሶልያና ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ቀብራ ነበር። ሐመልማል ለዳኞቹ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወረደች።

አላለፈችም። ራሄል አለፈች፤ በኋላም ዘውዱን ደፋች። በቴሌቪዥን ስናይ ሐመልማል «ይገባታል» አለች። ስለ ልጅቷ አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው፤ ለራሄልም ቢሆን ፈልጎ የሚያገኛት እንዳይኖር ከስሟ ጋር መልኳንም ደባልቄዋለሁ፤ የውድድሩን ስምና ዓመቱንም ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ያን ቀን በባጃጅ ተመለስን። ሐመልማል ሕንፃው ሥር ስትደርስ እንደ ልማዷ ልታዝላት ጎንበስ አለች። ሶልያና የደረጃውን ብረት ይዛ ብቻዋን መውጣት ጀመረች። ቤት ገብተን ስንቀመጥ «ሐሙ፣ ውኃ ስጪኝ» አለች። ክፋት የለበትም። እንዲህ በይ ተብላ ተነግሯታል፤ እሷም እንደተነገራት አለች።

«ልጅ እውነቱን ማወቅ አለበት» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እላለሁ። ግን እውነቱ የእኛ ነበር። አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን፣ የስንዱን ፎቶ አውርደን፣ ልጅቷ እያለቀሰች እያቀፍናት ልንነግራት የሚገባ ነበር። እነሱ የመግቢያ ትኬት አደረጉት። ደግሞ ከማያውቅ ሰው ቢመጣ ባልከፋኝ። ትርሲት እናቷን «እታባ» እያለች ያደገች፣ ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ ያገኛትን ሁሉ «ማዘር» የሚል ሰው ነው። እያወቁ ነው ያላወቁ የሆኑት።

እናንተ ውድድር የምታዘጋጁ፣ ቁመት ለኩ፤ አረማመድ እዩ፤ ጥያቄም ጠይቁ። የሴት ልጅን ማሕፀን ግን ከሕፃን አፍ አትፈልጉ። ወልዳስ ቢሆን? የወለደች ሴት ውበቷ በየት በኩል ወጥቶ ይሄዳል? እናንተ አንባቢዎችም፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «የማን ልጅ ናት?» የምትለዋ ጥያቄ ታምረናለች። እኔም ስጠይቅ ነው የኖርኩት። አሁን ትቻታለሁ። «ያሳድጋት» ብዬ አልፋለሁ።

ሐመልማል አሁንም ጎፋ ጫማ ትሸጣለች። ታኮዋን ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻት። ሶልያናን አሁንም የምታጥባት፣ የምታለብሳት፣ ትምህርት ቤት የምታደርሳት እሷ ናት። የቀረው አንዲት ቃል ብቻ ነው።

በቅርቡ ሶልያና ትኩሳት ያዛት። ሐመልማል ከሥራ ቀርታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከረች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲብስባት ልጅቷ ዐይኗን ሳትገልጥ «እማ» አለች።

ሐመልማል ጨርቁን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሶልያና ዐይኗን ገለጠች፣ አየቻት።

«ተሳስቼ ነው፣ ሐሙ» አለች።